ግራ ቀኟ የተገለበጠባት የሣር መኪና

የታጨደ ሣርና ቤንዚን ተቀላቅለው በሸተቱኝ ቁጥር ባለሁበት ቆም እላለሁ። ባለፈው ዓመት ክረምቱ እንደ ወጣ ጎንደር ውስጥ በአንድ ሆቴል አጥር ሥር ሳልፍ ይኸው ሽታ ያዘኝ። ቀና ስል አንድ ወጣት በትንሽ መኪና ላይ ተቀምጦ የሆቴሉን መስክ ያጭዳል፤ በአንድ እጁ መሪውን ይዟል፣ በሌላው ስልኩን ይነካካል። መኪናዋ ዝም ብላ ትታዘዘዋለች። እሱም አልተደነቀም፤ በረንዳው ላይ የተቀመጡት እንግዶችም ቀና ብለው አላዩትም። እኔ ግን የሆቴሉ ዘበኛ ምን ፈልጌ እንደሆነ እስኪጠይቀኝ ድረስ ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልሁ ቆሜ ቀረሁ። ምን ብዬ ልመልስለት? ልጅነቴን እያየሁ ነው አይባል ነገር።

ልጅ ሳለሁ ደባርቅ ውስጥ የማውቃት የሣር መኪና እንዲህ በቀላሉ የምትታዘዝ አልነበረችም። የእሷን ነገር ከመጀመሬ በፊት ግን አንባቢዬን አንድ ነገር ማሳሰብ ይገባኛል። በዩኒቨርሲቲ ቆይታዬ ማስረጃን ማመዛዘን ተምሬአለሁ፤ በዚያ ሚዛን የገዛ ትዝታዬን ባስቀምጠው ብዙ አይመዝንም። መኪናዋ ሰማያዊ ነበረች እላለሁ፤ ታላቅ እህቴ ስንዱ ቀይ ነበረች ትላለች። ጠዋቱ ጉም የለበሰ ነበር ስል፣ እሷ ፀሐዩ ዐይን ይወጋ ነበር ትለኛለች። ሁለታችን የማንለያይበት ነገር ቢኖር የአባታችን ነገር ነው። ታሪኩም የእሱ ስለሆነ ቀለሙንና ጉሙን ለእህቴ ለቅቄ ልቀጥል እችላለሁ።

አባቴ ታረቀኝ ወደ ጦርነት ከመዝመቱ በፊት ገበሬ ነበር። ወደ ግንባር ሲሄድ እኔ አልተወለድሁም። ሲመለስ ቀኝ ጉልበቱ ደርቆ፣ እግሩ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ቀርቶ ነበር። ቆስሎ በወደቀበት ማሳ ላይ ሳለ ለሰፈራችን ማርያም ተስሏል። ስለቱ እንደ ሌላው ሰው ጧፍ ወይም ጃንጥላ አልነበረም። በሕይወት ከመለስሽኝ የቤትሽን ግቢ ሣር በየዓመቱ በእጄ አጭዳለሁ ነበር ያላት። ከስንት ነገር መካከል ሣርን ለምን እንደ መረጠ ማንም ሲጠይቀው አልሰማሁም። እኔ እንደምገምተው በፊቱ ተደፍቶ ሳለ በዚያች ሰዓት ከዐይኑ ሥር የነበረው ነገር ሣር ብቻ ስለነበረ ይሆናል።

የማርያም ግቢ ከብት አይገባበትምና ሣሩ ክረምቱን ሙሉ አድጎ፣ በኅዳር እኛን ልጆችን እስከ ወገባችን ይውጠን ነበር። የሚታጨደው ለኅዳር ጽዮን ዋዜማ ነው። ገሚሱ በበዓሉ ዳስ ውስጥ ይጎዘጎዛል፣ የቀረው ለካህናቱ ከብቶች ይከመራል። ማጭድ ደግሞ ቁጢጥ ብለው፣ በርከክ ብለው የሚሠሩበት መሣሪያ ነው፤ የማይታጠፍ ጉልበት ላለው ሰው አይሆንም። አባቴ በተመለሰበት ዓመት ሞክሮ በደረቱ ተደፋ አሉ። ጎረቤቶቹ ማጭዱን ከእጁ ተቀብለው ጨረሱለት። ከዚያ ወዲያ በየዓመቱ በደቦ ተሰብስበው ያጭዱለታል፣ እሱም የግቢው ካብ ላይ ተቀምጦ ያያል። ስለትህ ደርሶልሃል ይሉታል፤ አሜን ይላል። ቤት ሲገባ ግን እህል አይቀምስም። ኅዳር ሲብት አባቴ ዝም እንደሚል ገና ፊደል ሳልቆጥር ነበር የማውቀው። ሣሩ በረዘመ መጠን ዝምታውም የሚረዝም ይመስለኝ ነበር።

እርሻው ስላልሆነለት በከተማው ዳር ለነበረ አንድ ግቢ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ከጦርነቱ በፊት የውጭ ሀገር ባለሙያዎች ይኖሩበት ነበር ይባላል፤ ጥለውት ሲሄዱ ሰው ተቀምጦ የሚነዳትን የሣር ማጨጃ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር ትተዋታል። ወንበሯ ላይ ዶሮ ትታቀፍበት ነበር። እኛ ልጆች ከትምህርት ቤት ስንመለስ ዶሮዋን ገፋ አድርገን ተራ በተራ እንወጣባታለን። በአፋችን ሞተር እየሆንን፣ ከንፈራችን እስኪደነዝዝ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ቁልቁል እንወርድባት ነበር። ገደል ገባህ የተባለ ተራውን ያጣል። ገደል መግባቱን የሚፈርዱት ተራ የሚጠብቁት ስለነበሩ ጉዞው ከመጀመሪያው ኩርባ አያልፍም።

ሞተሯን የቀሰቀሳት አስማረ ነው። አስማረ ከጎንደር ደባርቅ የጭነት መኪና እየነዳ የሚመላለስ፣ ኮፍያውን አዘንብሎ የሚያደርግ፣ ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ይሰማኛል ብሎ የሚያምን ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ለጨዋታ ያህል ቤንዚን ጨመረላት፣ ገመዷን ደጋግሞ ሳበና ተነሣች። ዶሮዎቹ በረሩ። አስማረ ዘሎ ተቀመጠባት፤ ሣሩን ከሥሯ እየላጨች ሄደች፣ ሄደች፣ ከካቡ ጋር ተጋጭታ ቆመች። መሪዋ ሞቶ ነበር። ቢያሽከረክሩት ባዶውን ይዞራል እንጂ ጎማዎቹ ከቶ አይሰሙትም። ሁሉም ሳቀ። አባቴ ግን ፊቱን ከመኪናዋ ኋላ ወደ ቀረው የተላጨ መስመር መልሶ ቆመ። ያን ሣር ያጨደ ሰው አላጎነበሰም፣ አልተንበረከከም። ነገሩ የገባኝ ያን ዕለት ነው ብል ራሴን ማሞገስ ይሆናል፤ የአባቴን ፊት ግን አይቻለሁ።

ግቢውን የሚያስተዳድሩት ሰዎች ለማርያም ከሆነስ ውሰዳት ብለው ፈቀዱለት። እሱን የከበደው ሌላ ነበር። የንስሐ አባታችን ቄስ ክንፈ ቤታችን ጸበል ሊረጩ መጥተው ሳለ፣ አባቴ ደረቅ እግሩን ዘርግቶ ከአጠገባቸው ተቀመጠና የልቡን ጠየቃቸው።

«አባ፣ እኔ በእጄ ነው ያልሁት። መኪና ካጨደው የእኔ ነው ይባላል?»

ቄስ ክንፈ ጺማቸውን ያዝ አደረጉ። «መሪውን ማን ሊይዘው ነው?»

«እኔው ነኛ፣ አባ።»

«በምንህ?»

አባቴ እጆቹን አየ። ቄስ ክንፈም ጸበላቸውን ይዘው ወጡ።

አስማረ የጎንደርን የመለዋወጫ ሱቆች ሁሉ ዞሮ ባዶ እጁን ተመለሰ። የእሷ ዓይነት መሠራት ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የሚገጥማት ዕቃ ቀርቶ ስሟን የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ስለዚህ አባቴ ወደ አያ ብሬ ሄደ። አያ ብሬ በቅዳሜ ገበያ ሞፈርና ቀንበር የሚሸጥ አናጢ ነበር፤ ምላሱ እንደ መጥረቢያው የተሳለ ነው። መኪና ሠርቼ አላውቅም፣ ካበላሸኋትም አሁን ካለችበት አትብስም ብሎ ተቀበለ።

ጆንያ አንጥፎ በጀርባው ከመኪናዋ ሆድ ሥር ገባ። እኛም በሆዳችን ተኝተን ከጎን እናየው ጀመር። ቡሎኖቹን እየፈታ በተርታ አሰለፋቸው፤ የከረመ ግራሶ፣ የዛገ ብረትና የአይጥ ጎጆ ሽታ ወጣ። ከመሪው ታች አንዲት ትንሽ ጥርሳም ብረት አለች፤ እሷ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ሌላ ጥርሳም ብረት ትነክሳለች፤ ከጨረቃዋ አንድ ጎን ካለችው ጆሮ ተነሥቶ ወደ ፊት ጎማዎች የሚሄድ ዘንግ አለ። ሰው መሪውን ሲያዞር ትንሿ ጨረቃዋን ትገፋለች፣ ጨረቃዋ ዘንጉን፣ ዘንጉ ጎማውን። ይህ ሲገባኝ የተሰማኝን ዛሬም በቃል ማኖር ያቅተኛል። እስከዚያ ቀን ድረስ መኪና የሚዞረው ሾፌሩ ስለፈለገ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካስ በሰው ፈቃድና በመንገዱ መካከል፣ ማንም በማያያት ጨለማ ውስጥ፣ እንዲህ ያለ የእጅ ለእጅ መቀባበል ኖሯል። ከዚያ ወዲያ ብዙ መጽሐፍ አንብቤ ብዙ ነገር ገብቶኛል፤ እንደዚያች ሰዓት አፌን ከፍቼ የቀረሁበትን መረዳት ግን ደግሜ አላገኘሁም።

አያ ብሬ የጨረቃዋን ጥርሶች፣ የበሬን ዕድሜ እንደሚመረምር ሰው፣ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «ታረቀ፣ ያመጣህልኝ እኮ ድድ ነው» አለው። ጥርሶቹ ትንሿ ብረት በምትነክሳቸው ፊት ተበልተው አልቀዋል፤ በጀርባቸው በኩል ግን ደህና ነበሩ። ጨረቃዋን አገላበጠና በደህናው ፊቷ መልሶ ገጠማት። ዘንጉ ዝጎ ስለተበጠሰ ደግሞ ለእርሻ ዕቃ ብሎ ጢስ ላይ ያከረመውን የወይራ እንጨት ጠርቦ፣ ሁለቱን ጫፎች በጋለ ብረት በስቶ፣ የጨረቃዋ ጆሮ በዞረችበት በኩል ለክቶ አስገባው። የሚቃጠል ወይራ ሽታ ግቢውን ሞላው። መሪውን ሲያዞሩት ጎማዎቹ ተንቀሳቀሱ። አባቴ አጎንብሶ ማየት ስላልቻለ እኔን ጠየቀኝ፤ ዞሩ አልሁት። ዞሩ እንጂ ወዴት ዞሩ ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አላየሁም።

መጋጠሚያዎቹ የተቀቡት በበሬ ሞራ ነበር። የነቢያት ጾም ገብቶ ስለነበረ እናቴ ይህን ስታይ ደነገጠች፤ ሞራ የተቀባ ነገር በጾም የማርያምን ግቢ ሊረግጥ ነው ወይ አለች። አያ ብሬ መኪና ጾመኛ መሆኗን አላወቅሁም ብሎ ቢቀልድም፣ አባቴ ነገሩን ለክርክር አላቀረበውም። ሞራውን በጨርቅ አጥርቶ ጠረገና የኑግ ዘይት አስቀባት። የሰፈራችን ልጆች ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟን «ጾመኛዋ» አሏት።

የተሞከረችው ከዋዜማው በፊት ባለው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ቤንዚኑ እንዳያልቅ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልቁል ተገፍታ ትታይ ተባለ። ለመግፋት የሚቀል ሰው ይቀመጥባት ሲሉ ስንት ልጅ እጁን ቢያወጣም፣ አባቴ ወደ እኔ ስላየ ወንበሯ ለእኔ ሆነ። ከፊቴ በግራ በኩል የጎረቤት ኩበት ተከምሯል። ልርቀው መሪውን ወደ ቀኝ አዞርሁ። መኪናዋ ወደ ኩበቱ አዘነበለች። የበለጠ ወደ ቀኝ አዞርሁ፤ የበለጠ ወደ ኩበቱ ሄደች። ከክምሩ ውስጥ ሲያወጡኝ የሰፈሩ ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። አስማረ አባቴን ይህ ልጅ በየትኛው እጁ እንደሚበላ አልነገራችሁትም ወይ አለው። ወደ ቀኝ ስላት ወደ ግራ ሄደች ብዬ እየማልሁ ተናገርሁ፤ ኩበት ከጆሮው የሚራገፍ ልጅ ምስክርነት ማን ይቀበላል?

አስማረ ኮፍያውን አስተካክሎ እሱው ተቀመጠ፣ ሞተሩን አስነሣ፣ እንዲህ ነው የሚነዳ ብሎ ወደ መንገዱ ሊያወጣት መሪውን ሰበረ። መኪናዋ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ የገብስ ጭድ ክምር ውስጥ ገባች። መጀመሪያ የታየው ኮፍያው ነበር፣ ቀጥሎ እሱ ወጣ። አሁን የሳቀ ጥቂት ነው፤ ልጅ የሆንነው ግን ሳቅን።

«ምን አድርገሃት ነው አያ ብሬ? ግራ ቀኟ ተገልብጧል» አለ አስማረ።

አያ ብሬ መሪውን ወዲያና ወዲህ አዙሮ ጎማዎቹን አየ፣ እንደገና አዞረ። ከዚያም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ቀና አለ። «አንተ እርፍ ይዘህ ታውቃለህ? እርፉን ወደ ግራ ብትጥለው ማረሻው ወዴት ነው የሚሄድ? ወደ ቀኝ ነው። እኔ ዕድሜዬን የገጠምሁት ይኼን ነው፤ ትክክል መስሎ የታየኝም ይኸው ነው። መኪና አውቃለሁ ባዩ አንተ ከራስጌዬ ቆመህ ቆሎ ትቆረጥም አልነበር?»

ጨረቃዋ ስትገለበጥ ጆሮዋ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ዞራ ነበር። አሮጌው ዘንግ ቢኖር ኖሮ አልደርስም ብሎ ስሕተቱን ይናገር ነበር፤ አዲሱ ግን ለስሕተቱ ተለክቶ የተጠረበ በመሆኑ ልክክ ብሎ ገባ። አያ ብሬ ፈትቼ ልመልሳት አለ፤ ወዲያው ራሱ ጣቱን ወደ ጥርሶቹ ሰድዶ ተወው። ብትመለስ ያው ድዱ ይመለሳል። አባቴ ማንንም አልወቀሰም። ጋቢውን አውልቆ መኪናዋን አለበሳትና እያነከሰ ወደ ቤት ሄደ። ያን ዕለትም እህል አልቀመሰም።

በማግሥቱ ምድሩ ውርጭ ጋግሮ ነበር፤ ስንዱ ስለ ፀሐዩ የፈለገችውን ብትል ውርጩን አትክድም። ወደ ማርያም ግቢ ስንደርስ ጎረቤቶቻችን ማጭዳቸውን ይዘው ቀድመውናል። ከክፋት አልነበረም። እንደ ሁልጊዜው ሊያግዙት፣ ስሙን ሊያድኑለት ነበር የመጡት፤ ማጭዳቸውን ከኋላቸው ደብቀው ቆመው ነበር። አባቴ ግን አያቸው። ሰዎቹ ደግ ባይሆኑ ኖሮ እንደዚያ ባልከፋው ነበር ብዬ አሁን አስባለሁ።

መኪናዋን ገፍተን በበሩ አስገባናት። አባቴ ደረቅ እግሩን በጎኗ ዘርግቶ ተቀመጠ፣ አስማረም ገመዱን ሳበለት። ከአጠገቡ እየሮጠ ግልባጩን ሊነግረው አስቦ ነበርና፣ ግራ ስልህ ቀኝ ማለቴ ነው እያለ ያስረዳው ጀመር። አባቴ ግራና ቀኝ አትጥራብኝ ብሎ አራቀው። ተነሣች። ገና ከመሄዷ ወደ መቃብሮቹ አዘነበለች፤ መሪውን ሲመልሰው ባሰባት፣ ከዚያ ትልቁን ጽድ ልጣጩን ልጣ አለፈችና ቆመች። ሴቶቹ ስመ ማርያም ብለው ጮኹ። ከሰዎቹ አንዱ ማጭዱን አውጥቶ አንድ እርምጃ ተራመደ። ከደጀ ሰላሙ በር የቆሙት ቄስ ክንፈ መቋሚያቸውን ዘርግተው ያዙት።

ሞተሩ ከሥሩ እየተንቀጠቀጠ አባቴ ከወንበሯ አልወረደም። እኔ ካቡ ላይ ቆሜአለሁ። አባቴ እስከዚያ ድረስ እንደ አስማረ መሪውን በሁለት እጁ ግራና ቀኙን ጨብጦ ነበር። ሁለቱንም ለቀቀ። ቀኝ እጁን ብቻ አነሣና በመሪው አናት ላይ ጣለው፤ ግራ እጁ ጅራፍ እንደ ያዘ ሰው ወደ ኋላ ተንጠለጠለ። ፊቱ ተለወጠ። እኔ አባቴን ሲያርስ አይቼው አላውቅም፤ እኔ ስደርስ እርሻው አልቋል። ነገር ግን የማየው ምን እንደሆነ ያን ጊዜም አላጣሁትም።

«ና፣ ቦራ» አለ።

ቦራ አባቴ ወደ ጦርነቱ ሲሄድ የተሸጠው በሬው ነው። መኪናዋ ሄደች። አናቱን ወደ ግራ ጣል አደረገው፣ ወደ ቀኝ ታጠፈች፤ ወደ ቀኝ ጣል አደረገው፣ ወደ ግራ ታጠፈች። ጽዱን በስንዝር አለፈው። መቃብሮቹን ዞራቸው። ክቡን ቤተ ክርስቲያን ዙሪያውን ሲይዘው ሣሩ ከፊቱ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ ከኋላው ተኝቶ ይቀራል። ውርጩ ፀሐይ ነክቶት ይጤስ ነበር፤ እንፋሎቱና የቤንዚኑ ጢስ ተቀላቅለው ግቢውን ሲሞሉት አባቴ ከወገቡ በታች የማይታይ፣ በደመና ላይ የሚሄድ ሰው መሰለ። ጉም ነበር የምለው ምናልባት ይህን ይሆናል። አንዱን መስመር ሲጨርስ ጠርዙን ሳይለቅ ቀጣዩን ይይዛል፤ እንዳረሰው ትልም በትልም ላይ አስተኛው። መሪጌቶቹ ከቅኔ ማሕሌቱ ወጥተው ቆሙ። እኔ አባቴን የማውቀው ሲያነክስ፣ ሲቀመጥ፣ ሲያይ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሰው ቤታችን ውስጥ ከእኛ ጋር ሲኖር እንደነበር ማን ነግሮን ያውቃል? ዐይኔን ብጨፍን ይጠፋብኛል ብዬ ፈርቼ ዐይኔ እስኪያነባ ድረስ አልጨፈንሁም።

በመጨረሻ በመቃብሮቹ መካከልና በካቡ ማዕዘን መኪናዋ የማትደርስበት ሣር ቀረ። አባቴ ሞተሩን አጠፋ። ጸጥታው ሲመለስ ጎረቤቶቹ ምን እንደሚያደርጉ አጥተው ቆመው አያቸው።

«እንዲያው ማጭዳችሁን ስላችሁ መጥታችሁ ባዶ እጃችሁን እንዳትመለሱ፣ ያችን ለእናንተ ትቼላችኋለሁ» አላቸው።

በኅዳር ወር አባቴ ሲቀልድ መጀመሪያ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ሳቁ፣ ከዚያም በርከክ ብለው ጀመሩ፤ እሱም ከወንበሯ ሳይወርድ እዚያ ጋ ቀረባችሁ፣ እዚህ ጋ አመለጣችሁ እያለ አላገጠባቸው። ስንት ዓመት ሲያዩት የኖሩትን ሰው እንዲህ ሲያላግጥባቸው ደስ አላቸው። ቤት ስንገባ እናቴ ያቀረበችውን ሽሮ ጠርጎ በልቶ ጨምሪልኝ አለ። እናቴ ፊቷን ወደ ጓዳው መለሰች፤ ጨምራለትም ተመለሰች።

ከዚያ በኋላ ጾመኛዋን ከእሱ በቀር የነዳት ሰው የለም። አስማረ በየዓመቱ ዘንድሮስ ለምጃለሁ ብሎ ይቀመጥና ካብ ገጭቶ ይወርዳል። ሞተሯ እስከ ሞተበት ዓመት ድረስ አባቴ ስለቱን በእጁ ሰጠ፤ እሷ ስትሞት እሱም አርጅቶ ነበር። አሁን በዚያው ግቢ አርፏል።

እህቴ ይህን ሁሉ ስነግራት በስልክ ትስቃለች። ያን ያህል ቀጥ ያለ አልነበረም፣ ገሚሱን ጎረቤቶች በማጭድ ነው የጨረሱት፣ ቦራ ሲል የሰማህ አንተ ብቻ ነህ ትለኛለች። ልክ ልትሆን ትችላለች። በዚያ ሁሉ የሞተር ጩኸት መካከል ካብ ላይ ሆኜ የአባቴን ድምፅ እንዴት ሰማሁት? አላውቅም። ምናልባት ከንፈሩን አይቼ ይሆናል፤ ምናልባትም ሳድግ ቦራን የጨመርሁት እኔ ነኝ። ስለ ፊቱ ግን ስጠይቃት ሳቋን ታቆማለች። እሱስ ልክ ነህ ትለኛለች።

ባለፈው ዓመት ለኅዳር ጽዮን ደባርቅ ሄጄ ነበር። የግቢው መሬት የተጠረበ ድንጋይ ተነጥፎበታል፤ ያማረ ነው፣ ሽማግሌዎች በጭቃ አይወድቁም፣ ልጆቼም ጫማቸው ሳይቆሽሽ ሮጡበት። የሚታጨድ ሣር የለም። በደጀ ሰላሙ በር ሰዎች ስለታቸውን ሲያስገቡ ቆሜ አየሁ፤ ምንጣፍ፣ ጃንጥላ፣ መጋረጃ ይዘው በእልልታ ይገባሉ፤ ደስታቸውም እውነተኛ ነው። ያኔ አንድ ሰው ለአንድ ቃል ሲል ኅዳር በመጣ ቁጥር ይጨነቅ ነበር፣ ያንንም ቃል ለማድረስ አንድ ሰፈር ሙሉ ከአንዲት አሮጌ መኪና ሥር ተንበርክኮ ነበር። አሁን እኛ የምንሰጠው ይበዛል፣ የሚጎድለንም ያንሳል፤ ከራሳችን ላይ ቆርሰን የምንሰጠው ግን የቱ እንደሆነ አላውቅም። ሕዝቡ ገብቶ ካለቀ በኋላ፣ አባቴ ያረፈበት ማዕዘን ላይ ብቻዬን ቆምሁ። ጉልበቴ ይታጠፋል፣ እጆቼም ጤነኞች ናቸው፤ እኔም ስለት ልሳል ብዬ አፌን ከፍቼ ምኔን እንደምሰጥ ጠፋኝ።